በሩ ላይ ያለው ሣር

«ሙዝ ቀቅላ ነው አሉ የምታበላት» አለች ሙዝ ሻጯ ከጎኗ ለተቀመጠችው ቲማቲም ሻጭ።

«ጥሬ ሙዝ?»

«ምን ጥሬ፤ የበሰለውን። ልጣጩን በሳሙና አጥባ፣ ልጣ፣ ቀቅላ።»

ቲማቲም ሻጯ ጥቂት አሰበች። «ከዚያ ማን ይበላዋል?»

«ልጅቷ ናታ። ሌላ ሰው መች ታስገባና። የባሏን ታላቅ ወንድም እንኳ፣ ከጫኖ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ ከደጅ መልሳዋለች። ያመጣውን ወተት ሳይቀር። ፈረንጅ አገር ከርማ መጣችና ዘመድ ሸተታት።»

ይህ ሲባል ፀዳለ ከሙዙ ክምር ማዶ ጎንበስ ብላ ልጣጩ ያልተሰነጠቀ ትመርጥ ነበር። አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ስለሸፈነች ሻጯ አላወቀቻትም። ቀና ብላ አንድ ዘለላ አነሣችና ዋጋውን ጠየቀች። ስሙኒ ተባለች፤ ስሙኒዋን ከፈለች። «በሳሙና የማጥበው እውነት ነው» አለች ሙዙን ዘንቢሏ ውስጥ እያስገባች። «የምቀቅለው ግን ከነልጣጩ ነው። ተልጦ ከተቀቀለ ይሟሟል።» ሻጯ የምትገባበት አጣች። አንዲት ሙዝ አንሥታ ምራቂ ብላ ሰጠቻት። ፀዳለ ሙዟን አገላብጣ አየቻትና መለሰችላት፤ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃ ነበር።

ወሩ ሰኔ ነበር፣ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ አገሩ ሁሉ በረቂቅ ሕገ መንግሥት ላይ ይወያይ የነበረበት ሰሞን። ከአውቶቡስ መናኸሪያው በኩል ላንድሮቨር ላይ የታሰረ ድምፅ ማጉያ ሰፊው ሕዝብ ከሰዓት በኋላ በየቀበሌው አዳራሽ እንዲገኝ ይጣራል። ሰፊው ሕዝብ ቲማቲም ይመርጣል። ፀዳለ የቀራት ሳሙና ብቻ ነበር፤ ሳሙና ደግሞ በአርባ ምንጩ ሲቀላ ገበያ የለም። የሚገኘው በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነው፣ ለአንድ ቤተሰብ በወር አንድ፣ እሱም ባልና ሚስቱ ስብሰባ ለሚገኙበት። ፀዳለ ከጀርመን ከተመለሰች ወዲህ ስብሰባ ረግጣ አታውቅም፤ አዳራሹ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ይተነፍሳል። ስለዚህ የስኳር ድርሻዋን በጎረቤቷ በወለቴ ሳሙና ትለውጣለች። የወለቴ ባል ከወሎ ተዛውሮ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። አምስት ልጆች አሏት፤ ስኳር እንጂ ሳሙና የሚጠይቃት የለም።

ቤታቸው ከዋናው መንገድ ወደ ኩልፎ ወንዝ በሚወርደው ሰፈር ነው፤ ሁለት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን። ባሏ ላቀው የመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። ልጅቷ ከመመለሷ በፊት የውስጠኛውን ክፍል በሲሚንቶ አስለሰነ፤ የእንጨት መስኮቱንም አስነቅሎ መስተዋት አስገባበት። በሰፈሩ ሌላ የመስተዋት መስኮት ስላልነበረ ሰዎች ሱቅ ሊከፍት ነው ብለው ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ሉሊት ትኖራለች። አጥንቷ ደም መሥራት ቢያቆም ከአርባ ምንጭ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላከች፤ እዚያም ከታላቅ እኅቷ ከመነን የዳሌ አጥንት መቅኔ ተቀድቶ ተሰጣት። ሐኪሙ ሲሸኛቸው፣ በአንድ እዚያ በሚማር ኢትዮጵያዊ ተማሪ አስተርጓሚነት የተናገረው አጭር ነበር። መቅኔው ይዟል፤ በሽታ የሚመክትላት ኃይል ግን ገና አልበቀለም። እስከ መስቀል ጥሬ ነገር አትቅመስ፣ ያልፈላ ውሃ አትጠጣ፣ ከቤተሰቧ በስተቀር ማንም አጠገቧ አይድረስ። አፈር፣ አበባ፣ እርጥብ ሣር ቤት አይግባ፤ ሻጋታ ሳንባዋ ውስጥ ከገባ እኛም ብንሆን የምናደርገው የለም። እስከ መስቀል ያለው ተማሪው ነው፤ ሐኪሙ የተናገረው በፈረንጅ ወር ነበር። ፀዳለ ሁሉንም እዚያው በጣቷ እየቆጠረች ያዘች። ያልቆጠረችው ዘመዱን ነው።

ዘመድ ደግሞ ቀላል አልሆነም። የሚያመልኩበት ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ እህል ማከማቻ ከሆነ ወዲህ ምእመናኑ የሚገናኙት በሽተኛ ሲጠይቁ ነው፤ በሽተኛ መጠየቅ እስካሁን ስብሰባ አልተባለም። እጃቸውን በሉሊት ራስ ላይ ጭነው ሊጸልዩ መጡ። ፀዳለ ከአጥሩ ውጪ ሆናችሁ ጸልዩ አለቻቸው። ጸለዩ፤ ባጭሩ። የላቀው ታላቅ ወንድም ዳልጮ ግን የጸሎት ሰው አይደለም። ጫኖ ሙዝና በቆሎ የሚያለማ ገበሬ ነው፤ አገሩ የሚሰማው ሽማግሌም ነው። እሱ የመጣው በአንድ እጁ ትኩስ ወተት፣ በሌላው ለመነን የሚሆን የበሬ ቅልጥም ይዞ ነበር፤ ልጅቷ ከአጥንቷ ለሰጠችው መተኪያ። ፀዳለ ቅልጥሙን ተቀበለች፣ ወተቱን መለሰች፣ በሩን ዘጋች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከጫኖ የሚመጣ ሰው ላቀውን መንገድ ላይ ሲያገኘው ሰማይ ያያል።

ቤት ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ጫማዋን ከአጥሩ በር አውልቃ፣ በርሜሉ አጠገብ እስከ ክንዷ ታጥባ፣ ነጠላዋን ለውጣ ገባች። መነን ግቢው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ፊት፣ ድስቱን ጥዳ እሳቱን ታራግባለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አጥንቷ ባዶ ሆኗል የሚል ወሬ ስላለ በትምህርት ቤት ከባድ ነገር ተሸከሚ የሚላት የለም። ይህን ለማስተካከል አልቸኮለችም። ከውስጥ ሉሊት የሒሳብ መልመጃዋን በመስተዋቱ ላይ ለጥፋ ለእኅቷ ታሳያለች።

«ሦስቱም ስሕተት ነው» አለች መነን።

«ያንቺ መቅኔ ስለሆነ ነው» አለች ሉሊት ከውስጥ። «የኔ ሒሳብ ይችል ነበር።»

«እንግዲያው መልሺልኝ።»

ፀዳለ ሙዙን አጥባ ድስቱ ውስጥ ጨመረች። እንዲህ ሲተራረቡ ስትሰማ ደስ ይላታል፤ ደስታዋን ግን እሳቱን በመቆስቆስ አሳለፈችው። ያለፈው ዓመት በዚህ ወር ልጅቷ ከአልጋ ቀና ስትል ድዷ ይደማ ነበር።

ላቀው ለምሳ መጣ። በርሜሉ ጋ ታጠበ፤ ታጠበ ከተባለ። ፀዳለ አየችው፤ እሱም መታየቱን አውቆ ተመልሶ ሄደና በሳሙና ታጠበ። ቂጣና ጎመን ቀረበለት። ሁለቱ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ተመገቡ። ድሮ ላቀው ምሳ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች አነጋገር እያስመሰለ ያስቃቸው ነበር። አሁን ቂጣውን ሲቆርስ እንኳ ድምፅ እንዳያሰማ የሚጠነቀቅ ይመስላል።

«ከሰዓት በኋላ ሰው ሊመጣ ይችላል» አለ በመጨረሻ።

«ማን?»

«ሰው ነዋ።»

«ሰው እዚህ ቤት እንደማይገባ ታውቃለህ።»

«እኔማ አውቃለሁ» አለ። ውሃውን ጨልጦ፣ ሕገ መንግሥቱ ላይ ሊወያይ ወጣ። ሳህኑ ላይ ግማሽ ቂጣ ቀርቶ ነበር። ላቀው ቂጣ የሚያስቀር ሰው አልነበረም።

ሳህኖቹን በፈላ ውሃ እየዘፈዘፈች ሳለ የወለቴ ድምፅ ከአጥሩ በላይ መጣ። «ፀዳልዬ፣ አራት ሽማግሌዎች ደጅሽ ላይ ሣር ይዘው ተንበርክከዋል። ምን አጥፍተሽ ነው?»

ፀዳለ ሳህኑን አስቀመጠች። ወለቴ የሰሜን ሰው ናት፤ ሣር ለእሷ በዓል ሲሆን ወለል ላይ የሚጎዘጎዝ ነገር ነው። ፀዳለ ግን በጋሞ ደጋ፣ ጨንቻ አጠገብ ነው ያደገችው፤ አባቷም ደጇ ላይ ከተንበረከኩት እንደ አንዱ ነበር። ልጅ ሳለች ሁለት መንደር በግጦሽ ተጣልቶ ጦር ሲማዘዝ፣ አባቷና ጓደኞቹ በመሐል ተንበርክከው እርጥብ ሣር በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘው፣ ጦር የጨበጡት ጎረምሶች ካሉበት ንቅንቅ ሳይሉ ሲቀሩ አይታለች። ሣር ለያዘ ሽማግሌ እምቢ አይባልም። የተዘረጋ ሣር አይታለፍም። ሣሩን ካለፈ ሰው ቤት እሳት የሚጭር፣ ሬሳውን የሚያነሣ አይኖርም። በሕይወቷ ይህን ሥርዓት የጣሰ ሰው በዓይኗ አላየችም፤ የመጀመሪያዋ መሆንም አልፈለገችም። ሐኪሙ ደግሞ እርጥብ ሣር ብሏል፤ በስሙ ጠርቶ።

«መስኮቱን እንዳትነኪ» አለች ለመነን። ወጣች። የአጥሩን በር ከኋላዋ ዘጋችው።

ዳልጮ ከፊት ነበር። ሣሩ ከወንዝ ዳር የተቆረጠ ነው፤ ውሃ በክንዱ ላይ ይወርዳል። የክት ኮቱን ለብሷል። ሌላ ቅልጥም በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ አጠገቡ ተቀምጧል። ፀዳለ ጥቂት ቆማ አየቻቸው፤ ከዚያ እሷም ከበሩ ፊት ተንበረከከችና ባዶ እጇን ዘረጋች።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሁለት ወገን ተንበርክኮ ሲለማመን ማን ቀድሞ እንደሚነሣ የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም።

«ተነሺ» አለ ዳልጮ በጋሞኛ። «የምንለምነው እኛ ነን።»

«እኔም እየለመንኩ ነው።»

«ሣር ይዘናል እኮ።»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ። ውሃው ይንጠባጠባል።»

«ፀዳለ፣ የዚያች ልጅ ደም የፈሰሰው እኔ ጭን ላይ ነው። እኔው ተሸክሜ ነው ሆስፒታል ያደረስኳት። ሄደች፤ ትሞታለች አሉን፤ መጣች። ከመጣች ወዲህ እጄን ራሷ ላይ አሳርፌ እትፍ አላልኩባትም። ያልተመረቀ ልጅ ሲያድግ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ምርቃቱን አልከለከልኩም። እትፍታውን ነው የከለከልኩት።»

«እትፍታው ከምርቃቱ ተለይቶ?» አለ ከኋላ ያለው ሽማግሌ፣ ከልቡ ሊያውቅ ፈልጎ።

ፀዳለ ወደ እሱ ዞረች። «አባቴ፣ አራስ ቤት ሕፃን ታቅፈህ ታውቃለህ?»

«አራስ ቤት ወንድ ምን ይሠራል።»

«እንግዲያው ሉሊትም እንደዚያ ናት። እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ደሟ ግን ገና ጥርስ አላወጣም። ክትባቷን እንኳ እንደ ሕፃን ከመጀመሪያው ነው የሚሰጧት። ሣሩ ደም እንዳይፈስ ነው የሚያዘው። እናንተ ይዛችሁት ከገባችሁ ግን በዚያው ሣር ትሞታለች። ከዚያ ምን ይዛችሁ ትመጣላችሁ?»

የዳልጮ ክንድ እየዛለ ስለመጣ ሣሩ ዝቅ ብሏል፤ እንደገና ከፍ አደረገው። ለአንድ ሰው የተገባ ቃል እንዳለበት ሰው ነበር የሚያመነታው። ፀዳለ ይህን አየች።

«እሺ፣ ሣር ያዙ ያላችሁ ማን ነው?»

«ባልሽ ነዋ» አለ ዳልጮ። መደበቅ ያለበት ነገር መሆኑን ማንም አልነገረውም ነበር። «እኔማ ተቀይሜ ቤቴ ተቀምጬ ነበር። አስጠርቶኝ፣ እኔ ብነግራት አትሰማም፤ ሣር ከያዛችሁ ግን እምቢ የማለት አቅም የላትም አለኝ። ሰው ሁሉ ትቶኛል ብሎ አለቀሰ። ወንድሜ ሲያለቅስ ምን ላድርግ?»

ፀዳለ ባዶ እጆቿን ተመለከተች። ግማሽ ቂጣው ታሰባት። ያን ጊዜ ከኋላ ያለው ሽማግሌ ሳለ። ሽማግሌ የሚስለው ዓይነት ሳል፣ ከሥር የሚነሣ።

«እማዬ» አለች ሉሊት ከመስተዋቱ ጀርባ፣ በሚሰማ ድምፅ። «ማን ነው የሳለው?»

አራቱም ቀና አሉ። ከአጥሩ በላይ፣ በመስኮቱ ውስጥ፣ ፊቷ ይታያል፤ ጉንጯ ሞልቷል፣ ጸጉሯ ገና እንደበቀለ ጤፍ ብቅ ብሏል። ሽማግሌው አፉን በጋቢው ሸፈነ። ዳልጮ ዓይኑን ከልጅቷ ላይ ሳያነሣ፣ «ይህ ሰውዬ ነው፣ ልጄ። ክረምት ሲገባ እንዲህ ያደርገዋል» አለ።

የቀበሌው ሊቀመንበር የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ጓድ ባዘዘው ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ቀኑን ሙሉ ከመጮኹ የተነሣ ድምፁ የተዘጋ ሰው ነበር። አንድ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ተከትሎታል። አዳራሹ ሊሞላለት ስላልቻለ ቤት ለቤት ሰው ይለቅማል።

«ይህ የምን ስብሰባ ነው?» አለ። «ፈቃድ አላችሁ?»

«ስብሰባ አይደለችም» አለ ዳልጮ በአማርኛ። የዳልጮ አማርኛ ወንድና ሴት ለይቶ አያውቅም። «እርቅ ናት።»

«እርቅ በኋላ ይደርሳል። ወይዘሮ ፀዳለ፣ ለአገሩ ሕግ ሲወጣ አንድ ቀን እንኳ አልተገኙም። ባለቤትዎ ብቻውን ነው እጅ የሚያወጣው። ውስጥ ሌላ ሰው አለ? ለአካለ መጠን የደረሰ?» መልስ ሳይጠብቅ ወደ በሩ ተራመደ። ቡትስ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ የገበያ ጭቃ ነው። ጥበቃውም ተከተለው። ፀዳለ ከተንበረከከችበት ተስፈንጥራ በሩን በጀርባዋ ያዘችው። ለመንግሥት የሚያዝ ሣር የለም።

ዳልጮ ተነሣ። ጉልበቱ ሲንቋቋ ተሰማ። ሊያስከፍትበት የመጣውን እርጥብ ሣር ከፀዳለ እግር ፊት፣ ከአንዱ የበሩ ቋሚ እስከ ሌላው፣ አጋድሞ ዘረጋው። የቀሩት ሦስት ሽማግሌዎችም የየራሳቸውን ጨመሩበት። ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰው ቆሙ፣ ቅድም ተንበርክከው ከነበሩበት ይበልጥ ርቀው።

ባዘዘው አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር። በመንገዱ ማዶ የቆመው ሰው ሁሉ፣ ከገበያ የሚመለሱት ሴቶች፣ ጋሪ ነጂው፣ አንድም ድምፅ ሳያሰሙ እግሩን ያያሉ። የአገሩ ልጅ የሆነው ጥበቃ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዷል። ባዘዘው በዚህ አገር ሦስት ዓመት ኖሯል፤ ሥርዓቱን ባያውቀውም ዝምታውን አወቀው። እግሩን ወደነበረበት መለሰ።

«ማለፍ አይቻልም ማለት ነው?»

«አይቻልም» አለ ዳልጮ። «እኛም አንችልም።»

«ጓድ ባዘዘው» አለች ወለቴ ከአጥሯ በላይ፣ «ያ ሕገ መንግሥት ስለ ሰው ቤት የሚለው የለውም?»

ሊቀመንበሩን ይህን ጥያቄ በአዳራሹ ማንም አልጠየቀውም ነበር። ረቂቁን ግን በቃሉ ይዞታል። «አለው» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ። «የዜጎች መኖሪያ ቤት አይደፈርም ይላል።»

ዳልጮ ለሦስቱ ሽማግሌዎች በጋሞኛ ተረጎመላቸው። ጥቂት ተመካከሩ። «ተስማምተናል» አለ ዳልጮ።

ባዘዘው ሰዎቹን አየ፤ ሣሩን አየ፤ የመስተዋቱን መስኮት አየ። «እንግዲያው እዚህ ቤት ውይይት ተካሂዷል ብዬ አስመዘግባለሁ» አለ፤ ጥበቃውን አስከትሎም ወደሚቀጥለው ቤት ሄደ።

ዳልጮ ጎንበስ ብሎ ሣሩ ላይ እትፍ እትፍ አለ፤ እደጊ፣ ውለጂ፣ ክበጂ አለ፤ ዕዳ የከፈለ ሰው ይመስል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሌሎቹም ተራ በተራ እንዲሁ አደረጉ፤ የሚስለው አፉን እንደሸፈነ በዓይኑ መረቀ። ሉሊት ከውስጥ አሜን ትላለች። ከዚያ ዳልጮ ቅልጥሙን ከነኮባው በሣሩ ላይ አሻግሮ ለፀዳለ ሰጣት። «የመነን ነው። ይህን መቀቀል ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ጋሼ። እስኪበቃው።»

«እስከ መስቀል ነው ያልሽው?»

«እስከ መስቀል።»

«ሲደርቅ እንቀይረዋለን» አለ ዳልጮ፤ ኮቱን አራግፎ የጫኖን መንገድ ያዘ።

ላቀው አመሻሽ ላይ መጣ። ሣሩን ከሩቁ ሳያየው አልቀረም፤ ሲቀርብ እያዘገመ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። በበሩ ላይ ሣሩ ተጋድሟል። ከገዛ ወንድሙ እጅ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገውም። ፀዳለ በወዲህኛው ወገን፣ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

«ፀዳለ» አለ ቆይቶ፣ «እኔስ በየት ልግባ?»

ተነሥታ ገባች፤ መታጠቢያ ሳፋ፣ የፈላ ውሃ የያዘ ማሰሮና ሳሙናውን ይዛ ተመለሰችና ከሣሩ ማዶ፣ እግሩ አጠገብ አኖረችለት። አዲስ ሳሙና ነበር፤ የስኳሩ። ላቀው ኮቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቀለ። እጁን እስከ ክርኑ፣ በጣቶቹ መሐል፣ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ ታጠበ፤ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው እያየው። እንባውንም በዚያው የታጠበው ይመስላል፤ ፀዳለ ሽንኩርቷን ስለያዘች አላጣራችም።

«ሰው ይመጣል ብዬሽ ነበር» አለ ቀና ሳይል።

«ብለኸኛል። ማን እንደላከው ነው ያልነገርከኝ።»

«ደከመኝ፣ ፀዳለ። ሰላም የሚለኝ ጠፋ።»

«እኔንም ደክሞኛል» አለች። «ነገ ጠዋት ውሃ የምትቀዳው አንተ ነህ፤ የምታፈላውም። ሳሙናውን አትጨርሰው።»

ዘንግ አንሥታ የሣሩን አንድ ጫፍ በጥንቃቄ ወደ ጎን ገለጥ አደረገች፤ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት ያህል። ላቀው አንድ እግሩን ሊያስገባ ሲል መስተዋቱ ተንኳኳ። ሁለቱም ዞሩ። ሉሊትና መነን መስኮቱ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አራት ዓይኖች ያዩታል። ሉሊት ጣቷን ወደ ታች ቀሰረች።

ላቀው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ።